በሁለት ቁና ስለ መስፈር፤ የቅጅ መብትና የትልልቅ ኩባንያዎች ቃል

ከጎንደር ተነሥቶ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት በኩል ወደ ሰሜን የሚዘልቀው መንገድ፣ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ወርዶ ወደ ዛሪማና ወደ አዲ አርቃይ ከመሻገሩ በፊት ደባርቅ ላይ ያርፋል። ከጃናሞራና ከበየዳ ደጋ ወደዚህ ገበያ የሚመጣው ገበሬ ገብሱን፣ ባቄላውንና በጉን ሸጦ፣ ጨውና ሳሙናውን ከገዛ በኋላ ዛሬ አንድ ተጨማሪ ጉዳይ አለው። ይኸውም ከስልኩ ውስጥ ከጥፍር የማትበልጠውን ሚሞሪ ነቅሎ ለአንድ ባለሱቅ መስጠት ነው። ባለሱቁም ሚሞሪዋን ከኮምፒዩተሩ ላይ ሰክቶ፣ ዘፈን ለሚወድ ዘፈን፣ መዝሙር ለሚወድ መዝሙር፣ ለልጆችም ፊልምና ቀልድ ሞልቶ ይመልሳል። የሚከፈለው ገንዘብ ጥቂት ነው፤ ሥራውም አንድ ብርጭቆ ሻይ ተጠጥቶ እስኪያልቅ ይፈጸማል።

ይህም እንደ ማናቸውም ንግድ ንግድ ነው። ለሱቁ ኪራይ ይከፈላል፤ ለመብራት ይከፈላል፤ ኮምፒዩተሩም በገንዘብ ተገዝቷል። በገንዘብ ያልተገዛ አንድ ነገር ብቻ አለ፤ እርሱም የሚሸጠው ዕቃ ራሱ ነው።

ስለዚህ ዓይነቱ ንግድ ከሁለት ወገን ሁለት ድምፅ ይሰማል። አንደኛው ወገን፣ «ይህ የሰው ላብ መውሰድ ነው» ይላል። ሁለተኛውም ወገን፣ «እነዚያ ትልልቅ የውጭ አገር ኩባንያዎች ራሳቸው የሰው ሥራ እየወሰዱ ሲከብሩ፣ የደባርቅ ባለሱቅ ብቻ ስለ ምን ይወቀሳል?» ሲል ይመልሳል። በሁለቱም ንግግር ውስጥ እውነት አለ። ነገር ግን ሁለተኛው መልስ ነጋዴውን ወደ ተሳሳተ ሒሳብ ስለሚመራው፣ ነገሩን ከሥሩ መመርመር ያስፈልጋል።

በቅድሚያ ሕጉ የሚለውን ማወቅ ይገባል። የደራሲና የኪነ ጥበብ ሰው መብት በአገራችን ትናንት የመጣ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 1647 እስከ 1674 ድረስ ስለ ድርሰትና ስለ ኪነ ጥበብ ሥራ ባለቤትነት ደንግጎ ነበር። ያን ጊዜ ግን ሥራን ማባዛት ማተሚያ ቤት ወይም የሸክላ ፋብሪካ የሚጠይቅ ስለ ነበረ፣ ሕጉን የሚተላለፍ ሰው ቁጥሩ ጥቂት ነበር። ካሴት በመጣ ጊዜ ማባዛት በአንድ ክፍል ውስጥ የሚሠራ ሥራ ሆነ፤ ሲዲ ሲመጣ በአንድ ጠረጴዛ ላይ፣ ሚሞሪና ፍላሽ ሲመጡ ደግሞ በጣት ጫፍ የሚሠራ ሆነ። ስለዚህም በ1995 ዓ.ም. የአእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት በአዋጅ ቁጥር 320 ተቋቋመ፤ በዓመቱም የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ወጣ። ይኸው አዋጅ በ2007 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 872 ተሻሽሏል።

በአዋጁ መሠረት የደራሲው መብት በሕይወቱ ዘመን ሁሉና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። የከዋኙና የድምፅ ቀረጻ አሳታሚው መብትም 50 ዓመት ነው፤ የፎቶግራፍ 25፣ የብሮድካስት ድርጅት ደግሞ 20 ዓመት። በ1996 ዓ.ም. ሲወጣ፣ አስቦ መብትን ለጣሰ ሰው ከ5 እስከ 10 ዓመት የሚደርስ ጽኑ እስራት ደንግጎ ነበር፤ ለሞራል ጉዳት የሚከፈለውም ካሳ ከ100,000 ብር እንዳያንስ አድርጓል። ቁናና ሚዛን ብቻ ይዞ የሚኖር ነጋዴ ይህን ቁጥር ሲሰማ መደንገጡ አይቀርም፤ መደንገጡም ተገቢ ነው።

በዚሁ አዋጅ ውስጥ ለገበሬው የቀረለት አንድ ፈቃድ አለ። ማንም ሰው ታትሞ ከወጣ ሥራ ለራሱ መገልገያ ብቻ የሚሆን አንድ ቅጅ ቢያደርግ፣ ባለመብቱ ሊከለክለው አይችልም። እንግዲህ አንድ ሰው ለራሱ መስሚያ አንድ ዘፈን ቢቀዳ አንድ ነገር ነው፤ ባለሱቅ በገበያ ቀን ለአርባ ሰው እየሞላ ገንዘብ ቢቀበል ግን ፈጽሞ ሌላ ነገር ነው። «እኔ የምሸጠው ጉልበቴን እንጂ ዘፈኑን አይደለም» የሚለው መከራከሪያ በየሱቁ ይሰማል፤ ነገር ግን ባዶ ሚሞሪ ለመመለስ ገንዘብ የሚከፍል ደንበኛ እንደሌለ ባለሱቁ ራሱ ያውቀዋል።

አሁን ብዙ ሰው ወደማያስተውለው ነጥብ እንመጣለን። አዋጁ የሚጠብቀው የኢትዮጵያውያንን፣ መኖሪያቸው በኢትዮጵያ የሆነውን ሰዎች፣ መጀመሪያም በኢትዮጵያ የታተመውን ወይም በውጭ አገር ታትሞ በ30 ቀን ውስጥ እዚህ የታተመውን ሥራ ነው። የውጭ አገር ሰው ሥራ የሚጠበቀው አገራችን የገባችበት የውል ስምምነት ሲኖር ነው፤ አዋጁ ሲወጣ ግን ኢትዮጵያ የደራስያንን መብት የሚመለከተው የበርን ስምምነት አባል አልነበረችም። ስለዚህ በባለሱቁ ጠረጴዛ ላይ የህንድ ፊልም የተሞላ ሚሞሪና የአንድ ጎንደሬ ዘፋኝ ዘፈን የተሞላ ሚሞሪ አንድ ይመስላሉ፤ በሕግ ፊት ግን አንድ አይደሉም። ባለሱቁ በንግግሩ የሚከስሰው ሩቅ ያለውን የሆሊውድ ኩባንያ ነው፤ በሥራው የሚጎዳው ግን በአንድ መንገድ የሚመጣውን፣ ምናልባትም በሠርግ ቤት አብሮት እንጀራ የቆረሰውን ዘፋኝ ነው። የትልቁ ኩባንያ ነውር የሚሸፍነው ዕዳ ካለ፣ ለዚያው ለትልቁ ኩባንያ የሚከፈለውን ዕዳ እንጂ ለጎንደሬው ዘፋኝ የሚገባውን አይደለም።

ይህ እንዲህ ሆኖ ሳለ፣ የትልልቆቹ ኩባንያዎች ነውር ተረት አለመሆኑን መመስከር ይገባል። በእህል ገበያ ከነውር ሁሉ የከፋ ነውር በትልቅ ቁና ገዝቶ በትንሽ ቁና መሸጥ ነው። በዳባትም ሆነ በደባርቅ እንዲህ ያደረገ ነጋዴ ቢታወቅበት ገበሬው ሁለተኛ አህያውን በደጁ አያቆምም። ስለ ቅጅ መብት በዓለም ላይ በሚደረገው ክርክር ግን እንዲህ ያሉ ባለ ሁለት ቁናዎች ብዙ ናቸው፤ ደንበኛም አልጎደለባቸውም።

ከመንግሥታት ብንጀምር፣ ዛሬ ለቅጅ መብት ከሁሉ ይልቅ የምትጮኸው አሜሪካ በ19ኛው ምዕት ዓመት የውጭ አገር ደራስያንን መብት አታውቅም ነበር። አሳታሚዎቿ የእንግሊዞችን መጻሕፍት ያለ ፈቃድና ያለ ክፍያ እያተሙ ይሸጡ ነበር፤ እውቁ ደራሲ ቻርለስ ዲክንስ እ.ኤ.አ. በ1842 አሜሪካን ሲጎበኝ ስለዚህ ነገር አጥብቆ አቤት ብሏል። አገሪቱ ለውጭ ደራስያን ጥበቃ መስጠት የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1891 ነው። እ.ኤ.አ. በ1886 በተፈረመው የበርን ስምምነት የገባችው ደግሞ በ1989 ሲሆን፣ ይህም ከ103 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ገና ኢንዱስትሪያቸውን የሚያቋቁሙ አገሮች፣ «ከእናንተ ይልቅ እኛ ጻድቃን ነን» የሚል ስብከት ሲሰሙ ይህን ዓመት ቢያስታውሱ አይፈረድባቸውም።

ከመንግሥት ወደ ኩባንያ ስንሻገር ነገሩ በሒሳብ የሚታይ ይሆናል። በአሜሪካ ሚኒሶታ ግዛት የምትኖር አንዲት የልጆች እናት 24 ዘፈኖችን በኢንተርኔት ያለ ፈቃድ አካፍላለች ተብላ በሸክላ አሳታሚ ኩባንያዎች ተከሰሰች። እ.ኤ.አ. በ2007 222,000 ዶላር እንድትከፍል ተፈረደባት፤ በ2009 ክርክሩ እንደ ገና ተሰምቶ ወደ 1,920,000 ዶላር ከፍ አለ፤ ከብዙ ውጣ ውረድም በኋላ በ2012 የይግባኙ ፍርድ ቤት ወደ ፊተኛው 222,000 መለሰው። ይህ ለአንድ ዘፈን 9,250 ዶላር ማለት ነው።

ይህ ክርክር ሲካሄድ በጎረቤት አገር በካናዳ ሌላ ክስ ቀርቦ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 የሟቹ የጃዝ ሙዚቀኛ የቼት ቤከር ወራሾችና ሌሎች ባለመብቶች አራቱን ትልልቅ የሙዚቃ ኩባንያዎች፣ ማለት የሶኒ ቢኤምጂን፣ የኢኤምአይን፣ የዩኒቨርሳልንና የዋርነርን የካናዳ ቅርንጫፎች ከሰሱ። ኩባንያዎቹ የተለያዩ ዘፈኖችን ሰብስበው በሲዲ እያሳተሙ ይሸጡ ነበር። የባለመብቱን ፈቃድ አስቀድመው በመጠየቅ ፈንታ ግን የዘፈኑን ስም «ወደ ፊት የሚከፈል» በሚል መዝገብ ላይ ያሰፍሩና ዝም ይሉ ነበር። መዝገቡ ለሃያ ዓመት ያህል እያደገ ሄዶ 300,000 የሚሆኑ ዘፈኖች እንደ ሰፈሩበት ተገለጸ። ኩባንያዎቹ ባለመብቶቹን ፈልጎ ማግኘት አስቸጋሪ ነው የሚል ምክንያት ነበራቸው። በመጨረሻም እ.ኤ.አ. በ2011 45 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር ያህል ለመክፈል ተስማሙ። ለአንድ ዘፈን ሲካፈል 150 ዶላር ይሆናል፤ በዚያ ዓመት የሁለቱ አገሮች ዶላር ዋጋ የተቀራረበ ስለ ነበረ ማነጻጸሩ ስሕተት የለበትም።

እንግዲህ ከቤቷ ሆና ያለ ትርፍ ላካፈለች ሴት የአንድ ዘፈን ዋጋ 9,250፣ ለሃያ ዓመት እየሸጡ ላተረፉ ኩባንያዎች ደግሞ 150 ሆነ። በፊተኛው ቁና ቢሰፈርባቸው ኖሮ ከሁለት ቢሊዮን ሰባት መቶ ሚሊዮን ዶላር በላይ በከፈሉ ነበር። የሒሳብ መዝገብ የሚይዝ ማንኛውም ነጋዴ ይህን ልዩነት ለማየት የሕግ ትምህርት አያሻውም። በእርግጥ አንደኛው የፍርድ ቤት ውሳኔ፣ ሁለተኛው ግን የስምምነት ውል ነው፤ የሁለቱ አገሮችም ሕግ አንድ አይደለም። ነገር ግን የሚያስደንቀው ይኸው ነው፤ ትንሹ ሰው እስከ ፍርድ ይሄዳል፣ ትልቁ ይደራደራል።

ሌሎችም አሉ። ሶኒ ቢኤምጂ እ.ኤ.አ. በ2005 ሰው ሙዚቃውን እንዳይቀዳ ሲል በሲዲዎቹ ላይ ገዢው ሳያውቅ ወደ ኮምፒዩተሩ የሚገባ ስውር ፕሮግራም አኖረ። ፕሮግራሙን ሠርቶ ያቀረበው አንድ የእንግሊዝ ድርጅት ነበር። ባለሙያዎች ከፍተው ሲመረምሩት፣ የሰው ንብረት ጠባቂ የተባለው ይኸው ፕሮግራም በውስጡ የሌሎች ሰዎች ፕሮግራም ቁራጭ የፈቃዱ ውል ሳይከበር ገብቶበት ተገኘ። በሆላንድም አገር ሜልኪዮር ሪትፌልት የተባለ የዜማ ደራሲ እ.ኤ.አ. በ2006 ያለ ፈቃድ ማባዛትን ለሚቃወም ማስታወቂያ ሙዚቃ ሠራ፤ የተፈቀደውም ለአንድ የፊልም በዓል ብቻ ነበር። በዓመቱ አንድ ፊልም በዲቪዲ ገዝቶ ቤቱ ሲከፍት፣ «የሰው ሥራ አትውሰዱ» የሚለው ማስታወቂያ በእርሱው ሙዚቃ ታጅቦ መጣለት፤ ፈቃድም አልተጠየቀም፣ ገንዘብም አልተከፈለውም። የደራስያንን ገንዘብ የሚሰበስበው የአገሩ ማኅበር ሲያጓትትበት ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ፍርድ ቤት ማኅበሩን ቀጣው። በፈረንሳይም ያለ ፈቃድ ማባዛትን እንዲቆጣጠር የተቋቋመው መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2010 አዲስ ዓርማውን ባወጣ ጊዜ፣ የዓርማው ፊደል የፈረንሳይ ቴሌኮም ብቻ እንዲጠቀምበት የተቀረጸ ሆኖ ተገኝቶ ዓርማው መለወጥ ግድ ሆነ። ይህ የመጨረሻው ከክፋት ይልቅ ከቸልተኝነት የመጣ ነው ቢባል ያስኬዳል። ሆኖም ሌሎችን በቸልተኝነት ለመቅጣት የተሾመ መሥሪያ ቤት ነበር።

በቅርቡ ደግሞ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የተባለውን የሚሠሩ ኩባንያዎች ተራ ደርሷል። ከእነርሱ አንዱ የሆነው አንትሮፒክ፣ ከሕገ ወጥ የመጻሕፍት ክምችት በኢንተርኔት ስለ ወሰዳቸው መጻሕፍት ደራስያን ከስሰውት፣ እ.ኤ.አ. በ2025 ለ500,000 ያህል መጻሕፍት 1.5 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ፤ ለአንድ መጽሐፍ 3,000 ዶላር መሆኑ ነው። የዚህ ሙያ ኩባንያዎች ከደንበኞቻቸው ጋር በሚዋዋሉበት ጽሑፍ፣ መሣሪያቸው ያመነጨውን ወስዶ ተፎካካሪ መሣሪያ መሥራት ክልክል መሆኑን ይጽፋሉ። የራሳቸው አጥር ከፍ ያለ ነው።

ላኪዎቻችን ደግሞ ይህን ነገር ከሩቅ ሳይሆን ከገዛ ጆንያቸው ያውቁታል። ጉዳዩ የቅጅ መብት ሳይሆን የንግድ ምልክት ቢሆንም ቁናው ያው ነው። በ1997 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የአእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት ይርጋጨፌ፣ ሐረርና ሲዳሞ የተባሉትን የቡና ስሞች በአሜሪካ የንግድ ምልክት አድርጎ ለማስመዝገብ አመለከተ። ሲዳሞ በሚለው ስም ላይ ግን አስቀድሞ ያመለከተ ሌላ ተገኘ። ስታርባክስ እ.ኤ.አ. በ2004 ሲዳሞ የሚለው ስም ያለበትን የአንድ ቡናውን መጠሪያ ለማስመዝገብ ጠይቆ ስለ ነበረ፣ የኢትዮጵያ ማመልከቻ ከኋላ ቆሞ ለመጠበቅ ተገደደ። ኩባንያው በ2006 ማመልከቻውን ሲተው፣ እርሱ አባል የሆነበት የአሜሪካ የቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተነሥቶ፣ «እነዚህ የወል ስሞች ናቸውና ለማንም ሊሰጡ አይገባም» ሲል ተቃወመ። ስታርባክስ በተቃውሞው እጄ የለበትም ብሏል፤ ይህንም መመዝገብ ተገቢ ነው።

ይኸው ኩባንያ ግን ስለ ራሱ ስም ሲሆን እጅግ ጠንቃቃ ነበር። በኒው ሃምፕሻየር ግዛት ያለች አንዲት ትንሽ የቡና መቁያ «ቻርባክስ» የሚል ስም ለአንድ ቡናዋ ብትሰጥ፣ ስሙ ከስሜ ይመሳሰላል ብሎ እ.ኤ.አ. በ2001 ከሰሳት። ክርክሩም 12 ዓመት ቆይቶ በ2013 በኩባንያው መረታት አለቀ። «ባክስ» የምትለዋ ቁራጭ ድምፅ 12 ዓመት የሚያሟግት ንብረት ስትሆን፣ ሺህ ዘመን የተለፋበት ስም ግን የወል ነው ተባለ። ኦክስፋም የተባለው የርዳታ ድርጅት ስሞቹ ለአገሪቱ በዓመት እስከ 88 ሚሊዮን ዶላር ሊያስገኙ እንደሚችሉ ገምቶ በሰፊው ዘመቻ አደረገ፤ በመጨረሻም በ1999 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ስታርባክስና የኢትዮጵያ መንግሥት ተፈራረሙ። ኢትዮጵያ በስሞቹ ለመጠቀም ፈቃድ ስትሰጥ ለፈቃዱ ገንዘብ አልጠየቀችም፤ የጠየቀችው ባለቤትነቷ እንዲታወቅ ነበር። በዚያው ወራት በአዲስ አበባ ከተማ የስታርባክስን ዓርማ በቀለምም በቅርጽም የሚያስታውስ ክብ አረንጓዴ ምልክት የሰቀለ ቡና ቤት ሞቅ ያለ ገበያ እንደ ነበረው ለፍትሕ ሲባል መጨመር ይገባል።

ሕጋዊ ባለመብት መሆንና ሥራን መሥራት ሁልጊዜ አንድ እንዳልሆኑ የገዛ አገራችን የሸክላ ታሪክ ያስረዳል። በንጉሡ ዘመን ሸክላ የማስቀረጽና የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ነበር። መብቱ ነበረ፤ ሸክላው ግን ጥቂት ነበር፣ ዘፋኞቹም በምሽት ቤት ሲዘፍኑ ድምፃቸው በዚያው ሌሊት ይቀር ነበር። በ1961 ዓ.ም. አምሃ እሸቴ የተባለ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ያለ የሸክላ ነጋዴ ይህን ብቸኛ መብት ደፍሮ ዘፋኞችን አስቀረጸ፤ ሸክላውንም በውጭ አገር እያሳተመ አስመጣ። እስከ 1967 ዓ.ም. ባለው ጊዜ አንድ መቶ የሚያህሉ ባለ ሁለት ዘፈን ሸክላዎች አወጣ። ዛሬ ዓለም የሚያደንቀው የዚያ ዘመን ሙዚቃ አንድ ታላቅ ክፍል የተረፈው በዚህ ነው። ይህ ነጋዴ ሕግ ጣሰ ወይስ የዘፋኙን መብት ሠራ የሚለውን ሊቃውንት ይከራከሩበት። ልዩነቱ ግን ግልጽ ነው። አምሃ ብቸኛ መብት ያለውን ማኅበር ሲዳፈር ዘፋኙን ይዞ፣ አስፈቅዶ፣ ስሙንም በሸክላው ላይ አሳትሞ ነበር። ሚሞሪ የሚሞላው ሱቅ ማንንም አይዳፈርም፤ ዘፋኙን ብቻ ይዘልለዋል።

ወደ ደባርቅ ስንመለስ፣ ሁለት ቁና የያዘው ሚሞሪ ሞይው ብቻ አይደለም። የሰሜን ተራራዎች ብሔራዊ ፓርክ በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስ መዝገብ ከሰፈረ ወዲህ ከተማይቱ የእንግዳ መናኸሪያ ሆናለች፤ የዋልያና የጭላዳ ፎቶግራፍ የሌለበት ሆቴል፣ የጉዞ ድርጅት ወይም የቀን መቁጠሪያ እምብዛም አይገኝም። ከእነዚህ ፎቶግራፎች ስንቶቹ ከኢንተርኔት ላይ በነጻ የተነሡ ናቸው? ጭንቅ ድረስ በእግሩ ወጥቶ፣ በብርድ ተኝቶ፣ ዋልያውን ከገደል አፋፍ ያነሣው ወጣት የአገር ልጅ ከሆነ፣ ፎቶግራፉ ለ25 ዓመት በሕግ የተጠበቀ ነው። የሆቴሉ ባለቤት የጎረቤቱ ሆቴል ስሙን ቢወስድበት በማግስቱ ወደ ጠበቃ ይሮጣል፤ በግድግዳው ላይ የሰቀለው ዋልያ የማን እንደ ሆነ ግን ጠይቆ አያውቅም። እንደዚሁም የማር ወይም የዱቄት መያዣ ምልክቱ ሲመሰልበት የሚያለቅስ ነጋዴ፣ ምልክቱን ከሌላ አገር መያዣ ላይ አስገልብጦ እንደ ሆነ ልቅሶው ግማሽ ይሆናል።

ለዚህ ያለው መድኃኒት ቀላል ነው። ፎቶግራፍ ወይም ዓርማ በክፍያ የሚያሠራ ነጋዴ በወረቀት ይዋዋል። አዋጁ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር በትዕዛዝ የተሠራ ሥራ የመጀመሪያ ባለቤት አዛዡ እንዲሆን ያደርጋል፤ ስለዚህ አንድ ገጽ ውል ሠሪውንም አሠሪውንም ከኋላ ጭቅጭቅ ያድናል። የተሠራ ፎቶግራፍ የሚወስድም የአንሺውን ስም አጠያይቆ ያስፈቅድ፤ ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው ዋጋ ከአንድ ኩንታል ገብስ አይበልጥም። ዘፈንን በሚመለከት፣ በ2011 ዓ.ም. ኤልያስ መልካና ባልደረቦቹ ከኢትዮ ቴሌኮም ጋር ሆነው አውታር የተባለውን የሙዚቃ መሸጫ በስልክ ላይ ሲያቋቁሙ፣ የሚከፈለው ገንዘብ ለሠሪው እንዲደርስ ማድረግ እንደሚቻል አሳይተዋል። ከሳንካበር በላይ ላለ ገበሬ ግን ኢንተርኔት ገና ሩቅ ስለ ሆነ፣ ሚሞሪ የሚሞላው ሱቅ ለጊዜው አይቀርም። የማይቀር ከሆነ ደግሞ፣ የደባርቅና የዳባት ባለሱቆች ተሰብስበው ከዘፋኞች ማኅበራት ጋር በዓመት ስለሚከፈል አንድ የተቆረጠ ሒሳብ ቢነጋገሩ የሚከለክላቸው ሕግ የለም። የ2007ቱ ማሻሻያ ለእንደዚህ ያለ የጋራ አሰባሰብ በር የከፈተ ነው።

ሌላው ጉዳይ የስም ጉዳይ ነው። በአሜሪካ ካሮል ሃይስሚዝ የተባለች ፎቶግራፈር ብዙ ሺህ ፎቶግራፎቿን ሰው ሁሉ በነጻ እንዲጠቀምባቸው ለአገሪቱ ቤተ መጻሕፍት ሰጥታ ነበር። በኋላ አንድ ገንዘብ ሰብሳቢ ድርጅት ከገዛ ፎቶግራፎቿ አንዱን በራሷ ድርጅት ገጽ ላይ አይቶ፣ ያለ ፈቃድ ስለ ተጠቀምሽ 120 ዶላር ክፈይ የሚል ደብዳቤ ላከላት። እ.ኤ.አ. በ2016 ፎቶግራፎቿን ሲሸጥ ያገኘችውን ታላቁን የፎቶግራፍ ነጋዴ ጌቲን ብትከስስ፣ ሥራዎቹ ለሕዝብ የተለቀቁ በመሆናቸው የክሷ ዋና ክፍል ወደቀ።

ይህ በእኛ ዘንድ አይሆንም የሚል ሰው፣ የሚከተለውን ያስብ። አንድ ማሲንቆ መቺ በዳባት ሠርግ ቤት ሲጫወት እንግዳ በስልኩ ይቀርጸዋል እንበል። ቀረጻው ከስልክ ወደ ስልክ አልፎ ደባርቅ ደረሰ፤ ባለሱቁም ከሌሎች ጋር ቀላቅሎ «አዲስ 07» ብሎ ሰየመው፤ በገበያ ቀንም በበሩ ላይ ባለው ድምፅ ማጉያ ከፍቶ ደንበኛ ጠራበት። ማሲንቆ መቺው በዚያ መንገድ ሲያልፍ የገዛ ድምፁን ሰምቶ ቆመ። ቀረጻው በእጁ የለምና፣ ለልጆቹ ይዞ ለመሄድ ብሎ ሚሞሪውን ነቅሎ ሰጠ። ባለሱቁም ሞልቶ መለሰለትና ሒሳቡን ጠየቀው፤ ሰውዬውም ከፍሎ ሄደ።